የሳንባ ምርመራዬ ካልተለወጠ ትንፋሼ ለምን ያጥረኛል?

ጥያቄ፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም (ሲኦፒዲ) አለብኝ። እፍ የሚያስብሉኝ ምርመራ ውጤት ከአምናው ብዙም አልተለወጠም፤ እኔ ግን ደረጃ መውጣት እያቃተኝ ነው። ሐኪሜ አሁን «የትንፋሽ ጡንቻዎን እንለካ» አለኝ። ጥንካሬውን ነው የሚለካው? ያማል እንዴ?

መልስ፦ እፍ የሚሉበት ስፓይሮሜትሪ በዋናነት የሚነግረን አየር በምን ያህል ፍጥነትና መጠን እንደሚወጣ ነው። ያንን አየር ለማንቀሳቀስ ጡንቻዎ ስንት ጉልበት እንደከፈለ አይነግረንም። ችግሩ ደግሞ እዚያ ጋ ሊሆን ይችላል።

ቢፈልጉ ጤነኛ የቤተሰብ ሰው እንዲህ ያድርግልዎ (እርስዎ አይሞክሩት፣ በቂ ልምድ አለዎት!)። አየር እስኪሞላ ይሳብና ትንሽ ብቻ አስወጥቶ እዚያው ላይ ሆኖ አራት አምስቴ ይተንፍስ። ወዲያው ይደክመዋል። በሲኦፒዲ አየሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ሳንባ እንደተነፋ ይቀራል፤ ጉልላት የነበረው ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ተጭኖ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ክሮቹም ያጥራሉ። ያጠረ ጡንቻ ደግሞ ብዙ በልቶ ትንሽ ይሠራል።

የትንፋሽ ጡንቻ ጥንካሬውም ቅልጥፍናውም ሊለካ ይችላል፤ ጥንካሬን መለካት ቀላሉ ነው። አየሩን አስወጥተው፣ በተዘጋ አፍ መያዣ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይልዎ ይስባሉ። ደጋግመው ያስሞክሩዎታል፤ ምርጡ ይያዛል። ከ80 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት በላይ ከሳቡ ከባድ ድክመት የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ወዲያው አይደንግጡ፣ በደንብ ያልሳበ ሰውም ቁጥሩ ይወርዳል።

ቅልጥፍና ግን ሌላ ነገር ነው። ጡንቻው ከበላው ጉልበት ስንቱ አየር ለማንቀሳቀስ ዋለ? ሥራውን ለማወቅ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ አልፎ ወደ ምግብ ቧንቧ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ፊኛ የደረትን ግፊት ታነባለች፣ ግፊቱ ከአየሩ መጠን ጋር ይሰላል። ወጪውን ለማወቅ ደግሞ በዕረፍትና በጠንካራ አተነፋፈስ ጊዜ የተጠቀሙት ኦክስጅን ይነጻጸራል። ጤነኛ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ለመተንፈስ የሚያወጣው ከሰውነቱ ኦክስጅን ከ5 በመቶ በታች ነው፤ በከባድ ሲኦፒዲ ይህ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

እውነቱን ለመናገር ይሄ የቅልጥፍና ቁጥር ብዙም አይታመንም። ደረትን እንደተነፋ የሚይዝ ጡንቻ ኦክስጅን ይበላል፣ አየር ግን አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህ ልፋቱ «ሥራ» ተብሎ አይቆጠርለትም። የአንገትና የሆድ ጡንቻም አብሮ ይበላል። ለዚህ ነው የቅልጥፍናው ልኬት በአብዛኛው ለምርምር የሚውለው። ሐኪምዎ ያሰበው የጥንካሬውን ይመስለኛል፣ ይጠይቁት።

ጡንቻው ደካማ ከሆነ በመሣሪያ የሚሰጥ የመሳብ ልምምድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከራስ ከፍተኛ ግፊት 30 በመቶ ገደማ ላይ ይጀመራል። ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መተንፈስና የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒትም የታመቀውን አየር ይቀንሳሉ። ግን ደረጃው የከበደዎት በልብ ወይም በደም ማነስም ሊሆን ይችላልና ሁለቱም ይታዩልዎ።

ሕመሙን በተመለከተ፣ የአፉ ምርመራ አያምም፣ ያደክማል እንጂ። ቱቦው ሲገባ ያቅለሸልሻል፤ ማደንዘዣ ቅባት ይደረግልዎና ውሃ እየተጎነጩ ይውጡታል። በቅርቡ የዓይን ወይም የደረት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ወይም ሳንባዎ አየር አፍስሶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከመሳብዎ በፊት ይንገሯቸው።