ተክል ውስጥ ጂን ስለማስገባት ሙያ ለጠየቃችሁኝ

የተክሎች ዘረመል ምህንድስና ተመራማሪ ነኝ። ስለ ሥራዬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው? ዲኤንኤ ስትቆርጪ?

መልስ፦ ዲኤንኤ መቁረጥና መቀጠል ዛሬ ቀላሉ ክፍል ነው። የምትፈልገውን ኮምፒውተር ላይ ጽፈህ ታዛለህ፤ ተሠርቶ ይመጣል። የእኔን ጊዜ የሚበላው ቲሹ ካልቸር ነው። ጂኑን የሚቀበለው አንድ ሴል ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሥር፣ ግንድና ዘር ያለው ሙሉ ተክል ነው። ስለዚህ ቁራጭ ቅጠል ወይም ያልበሰለ የዘር ሽል ጄል ላይ እናስቀምጥና ሆርሞን እንሰጠዋለን። ስኩግና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 እንዳሳዩት፣ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ሲበዛ ሥር ያወጣል፤ ሳይቶካይኒን የተባለው ሲበዛ ቡቃያ ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ካለስ የሚባል ቅርጽ የሌለው የሴል ክምር ይሆናል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ለትምባሆ የሠራው ቀመር ለባቄላ እምቢ ይላል። ለአንዱ የበቆሎ ዝርያ የሠራው ለሌላው በቆሎ እንኳ ላይሠራ ይችላል። በየጥቂት ሳምንቱ ወደ አዲስ ጄል ማዛወርም አለ። ሻጋታ ከገባ ሳህኑ እንዳለ ይጣላል። እኛ ጋ ጎበዝ የሚባለው ጂን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን እጁ ንጹሕ፣ ትዕግሥቱም ረጅም የሆነ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ነገር ማን ጀመረው?

መልስ፦ አንድ ሰው አልጀመረውም። እኔ ግን የአሜሪካዊቷን ሳይንቲስት የሜሪ ዴል ቺልተንን ታሪክ እወደዋለሁ። አግሮባክቴሪየም የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ተክል ላይ እብጠት እንደሚያመጣ ከ1907 ጀምሮ ይታወቃል። በ1974 የቤልጂየሙ ጌንት ቡድን፣ እነ ጄፍ ሼልና ማርክ ቫን ሞንታጉ፣ ጉዳዩ ያለው ቲአይ በተባለ ትልቅ ፕላዝሚድ (ባክቴሪያው ከዋናው ክሮሞሶም ውጭ የሚይዘው የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ መሆኑን ደረሱበት። ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ወደ ተክል ይልካል የሚለውን ነገር ቺልተን መጀመሪያ አላመኑበትም። ማስረጃው ደካማ ነው ብለው ነበር። በ1977 ግን ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር የፕላዝሚዱን ቁራጭ ትምባሆ ሴል ውስጥ አገኙት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ታየ፤ እብጠት የሚያመጡትን ጂኖች አውጥቶ የተፈለገውን መተካት። በ1983 የቺልተን፣ የጌንትና የሞንሳንቶ ኩባንያ ቡድኖች በተቀራራቢ ጊዜ ተሳካልን አሉ። ልታፈርሰው የተነሳኸውን ሐሳብ ራስህ ስታረጋግጠው ያንን በአደባባይ ማሳተም፣ ለእኔ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ጂን በጠመንጃ ይተኮሳል የሚባለው ቀልድ ነው አይደል?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆን ሳንፎርድና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶችን ዲኤንኤ ቀብተው ሽንኩርት ላይ ተኮሱ። ያኔ በባሩድ ነበር፤ አሁን በሂሊየም ግፊት ነው። አግሮባክቴሪየም ለማይቀበሉ ተክሎች እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን።

ጥያቄ፦ ክሪስፐር የተባለው ዲኤንኤ መቁረጫ መሣሪያ መጣ። እናንተ ሥራ ፈታችሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ጭራሽ በዛብን! አግሮባክቴሪየም ጂኑን ክሮሞሶም ላይ የትም ነው የሚሰካው። ክሪስፐር ቦታ እንድንመርጥ አድርጎናል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን መሣሪያው ራሱ ሴል ውስጥ መግባት አለበት። ከቆረጠ በኋላም ያ ሴል ተክል መሆን አለበት። ዞሮ ዞሮ እዚያው ጄል ላይ ነን። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ በ2016 የወጣ የበቆሎ ጥናት ነው። ቤቢ ቡም እና ቩሸል የተባሉ ሁለት የእድገት ጂኖች አብረው ሲገቡ፣ አስቸጋሪ የነበሩ ዝርያዎች እሺ ብለው በቀሉ። ጋዜጠኛ ሁሉ ስለ ክሪስፐር ሲጽፍ ስለዚህ ያወራ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ውስጥ ተሳካ የተባለው ገበሬ ጋ ለመድረስ ለምን ዘመናት ይፈጅበታል?

መልስ፦ ሁሌ አይፈጅም። ሃዋይ ውስጥ የፓፓያ ሪንግስፖት ቫይረስ በ1992 ዋናውን አምራች አካባቢ ፑናን ሲመታ፣ ዴኒስ ጎንሳልቭስና ባልደረቦቻቸው አስቀድመው ሥራውን ይዘውት ነበር። ተክሉ ቫይረሱን እንዲቋቋም የቫይረሱን የራሱን የሽፋን ፕሮቲን ጂን ፓፓያው ውስጥ አስገቡ። ዘሩ በ1998 ለገበሬዎች ታደለ። ወርቃማው ሩዝ ደግሞ ሌላ ነው። ኢንጎ ፖትሪኩስና ፒተር ቤየር ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር) የሚሠራውን ሩዝ ያሳተሙት በ2000 ነው። መጠኑ ትንሽ ነበር፤ በ2005 የበቆሎ ጂን ተጨምሮ እስከ 23 እጥፍ አደገ። ፊሊፒንስ እርሻ ላይ እንዲውል የፈቀደችው በ2021 ሲሆን በ2024 ፍርድ ቤት አገደው። በእኔ እይታ ልዩነቱ የሚጀምረው ከችግሩ ባለቤት ነው። ፓፓያው ላይ ገበሬው እርሻው ዓይኑ እያየ ሲሞት ዘሩን ራሱ ፈለገው። ሩዙ የሚጠቅመው ግን ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ሕፃን ነው። ሕፃኑ ደግሞ ዘሪም፣ ገዢም፣ ፈቃጅም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ አይደለም ወይ? ቢበላስ?

መልስ፦ በ2015 የወጣ ጥናት፣ የሚታረሰው ስኳር ድንች ውስጥ የአግሮባክቴሪየም ዲኤንኤ አግኝቷል። ማንም ላብራቶሪ አላስገባውም። ይህ ግን ሁሉም ነገር ያለ ምርመራ ይለፍ ማለት አይደለም። የገባው ጂን ምን ይሠራል? አለርጂ ያመጣል? ከዱር ዘመዶቹ ጋር ይዳቀላል? ለየሰብሉ ለየብቻ ይጠየቃል። በጅምላ “ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው” ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ከጠበቃችሁት ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣስ?

መልስ፦ ከመጣልህ በፊት ሁለቴ ማየት ነው። ፔቱኒያ በተባለው አበባ ላይ ተሠርቶ በ1990 የታተመውን ሥራ ልንገራችሁ። እነ ሪቻርድ ጆርገንሰን ወይን ጠጁን ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ጂን አስገቡ። አንዳንዱ አበባ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ወጣ! የገባውም፣ የነበረውም ጂን ተያይዘው ዝም አሉ። ኋላ ተመሳሳዩን ነገር፣ ማለትም አርኤንኤ (የጂንን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሞለኪውል) ጂንን እንዴት እንደሚያፍን፣ በትል ላይ ያሳዩት ፋየርና ሜሎ በ2006 ኖቤል ወሰዱ። እኛ የተክል ሰዎች እስካሁን ትንሽ ቅር ይለናል።

ጥያቄ፦ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። እዚህ ሙያ ለመግባት ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ስታትስቲክስና ትንሽ ኮዲንግ ያዝ፤ ባዮሎጂውን ስትሠራ ትማረዋለህ። መጀመሪያ አራቢዶፕሲስ በምትባለው ትንሽ የላብራቶሪ ተክል ላይ ተለማመድ። አበባውን ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ነክረህ ዘሩን ትሰበስባለህ፤ ቲሹ ካልቸር የለበትም። ለፒኤችዲ ላብራቶሪ ስትመርጥ ግን አማካሪው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ ከመቁጠርህ በፊት፣ “የምሠራበትን ሰብል እዚህ ከሴል አብቅላችሁት ታውቃላችሁ?” በል። መልሱን ከአማካሪው ብቻ አትስማ፤ ሳህኖቹን የሚያዛውረውን ቴክኒሻን ጠይቀው።