«ከዚያ ወዲህ ማንኪያውን አስነክቼው አላውቅም»

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት እናት ናት፤ አዳማ ትኖራለች። የ8 ዓመት ልጇ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ራሱን ችሎ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ የሚሄደው ታዝሎ ነው። «ባሌ በምንም አያግዘኝም። አምሽቶ ነው የሚገባው። ልጁን ጠልቶታል መሰለኝ። ትቼው ልሂድ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ድካምሽን ነው። ጎኑን ልታገላብጪው ሌሊት አራት ጊዜ ትነሺያለሽ። አንድ ሰሃን ፍትፍት ለማብላት አንድ ሰዓት ይፈጅብሻል። አዝለሽው ታክሲ ስትገቢ ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቅሻል። ወገብሽ አልታዘዝ ብሏል። ይሄ ቀላል ነው የሚልሽ ካለ አንድ ቀን ውሎሽን ይዋል።

ስደግመው ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው፣ «ልጁ 3 ዓመቱ ሳለ አንድ ቀን አባቱ ሲያጎርሰው ትን አለው። ከዚያ ወዲህ ማንኪያውን አስነክቼው አላውቅም» ያልሽው ነው። 5 ዓመት ሆነው ማለት ነው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነው፦ «ምጡ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቶሎ ሆስፒታል ሄጄ ቢሆን ኖሮ...»

ነጥብ ነጥብ አድርገሽ ተውሽው። እኔ ግን የደብዳቤሽ ልብ እዚያ ነጥቦች ላይ ያለ ይመስለኛል።

ልሳሳት እችላለሁ፤ ፊት ለፊት አላየሁሽም። ግን በራስሽ ላይ የፈረድሽ መሰለኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የምሸከመውም እኔ ነኝ» ብለሽ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉርሻ፣ እያንዳንዱ ሽንት ጨርቅ፣ እያንዳንዱ የሌሊት መነሳት ንስሐ ሆኖብሻል። ንስሐን ደግሞ ለሌላ ሰው አያጋሩትም። ባልሽ ማንኪያውን ሲያነሳ ያገዘሽ ሳይሆን ድርሻሽን የቀማሽ ያህል ይሰማሻል።

ባልሽ ከደሙ ንጹህ ነው አልልም። ማምሸቱ ልክ አይደለም። ግን አንቺስ ማብላቱን የለመድሽው እንዴት ነው? ስንት ጊዜ በአንቺም እጅ ትን ብሎታል? ያኔ ማንኪያውን የነጠቀሽ አልነበረም። እሱ በመጀመሪያው ስህተት ተባረረ። ቤቱ ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ማምሸት ይቀለዋል።

ስለ ምጡም አንድ ነገር ልበልሽ። የልጅሽ ችግር የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው። ረጅም ምጥና የአየር እጥረት አንዱ መንስኤ ነው። ያለጊዜው መወለድ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ኢንፌክሽን፣ ከተወለደ በኋላ የሚበረታ የሕፃናት ቢጫነት፣ ማጅራት ገትርም ያመጡታል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ «በዚህ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። በምጡ ነው እንኳ ብንል፣ በምጥ የተያዘች ሴት መቼ ሆስፒታል እንደምትሄድ ብቻዋን ትወስናለች? ያን ሌሊት «ትንሽ እንጠብቅ» ያለ ሰው አልነበረም? ደብዳቤሽ ውስጥ ያ ሰው የለም። አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽው።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ ምናልባት ከአንድ የቅዳሜ እራት ብትጀምሪ። መጀመሪያ አብራችሁ አብሉት። ቀና አድርጎ መያዙን፣ አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ማድረጉን፣ በትንሽ በትንሹ ሰጥቶ እስኪውጥ መጠበቁን አሳዪው። ሲለምድ አንቺ ጎረቤት ሄደሽ ቡና ጠጪ። ልጁን በየምግቡ የሚያስለው ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስበት ከሆነ ግን ቅድሚያ ሐኪም ይየው፤ ስትሄዱም ሁለታችሁ ሂዱ። የመለያየቱን ነገር ለጊዜው አቆዪው። የምጡን ጉዳይ ደግሞ በአካል አግኝተሽ ለአንድ አማካሪ ብትነግሪው ደስ ይለኛል፤ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ከዚያ ለባልሽ። እሱም ያን ቀን ያደረገውን ወይም ያላደረገውን ለ8 ዓመት ይዞት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ጽፈሻል። ማታ የበሩ ቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ልጅሽ ይስቃል፤ አባቱ እስኪገባም አይተኛም። ቅዳሜ ቀደም ብሎ እንዲገባ ስትጠይቂው ይህን ንገሪው።