ከካርቦን ነፃ ኃይል ቶሎ ይደረስበታል ወይ? ለወጣት መሐንዲሶች

ልጆቼ፣

«ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ቶሎ መላቀቅ ይችላል ወይ?» ለሚላችሁ ሰው አዎ ወይም አይ ብላችሁ አትመልሱ። የትኛውን ኃይል ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። በዓለም ላይ ተጠቃሚው ዘንድ ደርሶ ከሚፈጀው ኃይል ኤሌክትሪክ የሆነው አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው። የቀረው በአብዛኛው በመኪና ሞተር፣ በቤት ማሞቂያና በፋብሪካ እቶን የሚነድ ነው። የአንድ አገር ኤሌክትሪክ ግማሹ ከንፋስ መጣ ሲባል ደስ ይበላችሁ፤ ሥራው ተጋመሰ ማለት ግን አይደለም።

የሚነደው ሁሉ አንድ ለአንድ መተካት አለበት ብላችሁም አትስጉ። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ሩብ ያህሉ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን አብዛኛውን ጎማው ላይ ያደርሳል። የሙቀት ፓምፕም ከውጭ አየር ሙቀት ስለሚስብ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህን የዘነጋ ስሌት ሽግግሩን ከእውነቱ በላይ ያገዝፈዋል።

ቀጥሎ አቅምንና ምርትን ለዩ። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። 1,000 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ በአማካይ የአቅሙን 20 በመቶ ቢሰጥ፣ የዓመቱ ምርት 1.75 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ነው። በ90 በመቶ የሚሠራ 1,000 ሜጋዋት ኒውክሌር ወደ 7.9 ሚሊዮን ይደርሳል። የዓመቱ ድምር ቢስተካከል እንኳ ሰዓቱ ላይስማማ ይችላል። 100 ሜጋዋት ለ4 ሰዓት የሚሰጥ ባትሪ ለምሽቱ ፍላጎት ድንቅ ነው። ያንኑ 100 ሜጋዋት ንፋስና ፀሐይ በጠፉበት ሳምንት ለ7 ቀን ለመስጠት ግን 16,800 ሜጋዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ እንደዚያ ያለ ባትሪ 42 ማለት ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ባትሪ ወጪውን አይመልስም። የግድብ ውኃ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ኒውክሌርና አገር ከአገር የሚያገናኙ መስመሮች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ዕቅድ ሲቀርብላችሁ የዓመቱን አማካይ ትታችሁ በየሰዓቱ የተሠራውን ሰንጠረዥ ጠይቁ፤ ከዚያም የከፋውን ሳምንት ፈልጉ።

ኤሌክትሪክ ማመንጨትን በተመለከተ ፍጥነት እንደሚቻል ታይቷል። ፈረንሳይ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ትልቁን የኒውክሌር ዕቅድ ጀምራ በ15 ዓመት ገደማ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ኤሌክትሪኳን ከዚያ አገኘች። ብሪታኒያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ኤሌክትሪኳ ከድንጋይ ከሰል ይመጣ ነበር፤ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫ መስከረም 30 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ዘጋች። የከሰሉን ቦታ የያዘው ግን ንፋስ ብቻ አልነበረም፤ ጋዝም ድርሻ አለው።

የሚያዘገየው የኤሌክትሪክ መረቡ፣ ማለትም ኃይሉን ከማመንጫ ወደ ተጠቃሚ የሚያደርሰው የመስመርና የትራንስፎርመር ሥርዓት ነው፤ አብዝታችሁ እንድታጠኑት የምለምናችሁም እሱን ነው። የፀሐይ ማመንጫ በአንድና በሁለት ዓመት ይተከላል። ኃይሉን የሚወስደው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ግን በመሬት ካሳና በፈቃድ ምክንያት አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ትልልቅ ትራንስፎርመሮችም ከታዘዙ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያስጠብቁበት ጊዜ አለ። መስመሩ ካልደረሰ የተመረተው ኃይል እዚያው ይባክናል።

ሌላው መረጋጋት ነው። የእንፋሎትና የውኃ ተርባይኖች ከባድ አካል ስለሚያሽከረክሩ፣ አንድ ማመንጫ በድንገት ሲወጣ ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ወዲያው እንዳይወድቅ ይይዙታል። የፀሐይንና የባትሪን ኃይል ለመረቡ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ግን ይህ ክብደት የለውም። በደቡብ አውስትራሊያ መስከረም 28 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) አውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ ማማዎችን ጣለ፤ ቮልቴጁ በአጭር ጊዜ ደጋግሞ ሲወርድ በርካታ የንፋስ ተርባይኖች በውስጣቸው በተቀመጠው የመከላከያ ቅንብር ምክንያት ምርታቸውን ቀነሱ። የጎደለው ጭነት ሁሉ ከጎረቤት ግዛት በሚመጣው መስመር ላይ ወደቀ፤ መስመሩም ተቆረጠ፤ ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። ተርባይኖቹን ያስወጣቸው ከስንት የቮልቴጅ መውረድ በኋላ እንዲወጡ የተሞላላቸው ቁጥር ነበር፤ ቅንብሩ ኋላ ተስተካከለ። በኋላ ዓመታት አራት ትልልቅ ሲንክሮነስ ኮንደንሰሮች (ነዳጅ ሳያነዱ ከመረቡ ጋር እየተሽከረከሩ የሚያረጋጉት ማሽኖች) ከነከባድ ሽክርክሪታቸው ተተከሉ። የመከላከያ ቅንብርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በየትም አገር አይበዛም፤ ሙያችሁን ገና ካልመረጣችሁ ይህን ምረጡ እላለሁ።

ከባድ ኢንዱስትሪው ከሁሉም ይከብዳል። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው፤ እቶኑ በንጹሕ ኃይል ቢሞቅም ይህኛው አይቀርም። አንድ ቶን ብረት በከሰል ፈንታ በሃይድሮጂን ለማምረት 55 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን፣ ያንን ከውኃ ለመለየትም ወደ 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ለሚያመርት ፋብሪካ ከላይ ያሰላነው የ1,000 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ አይበቃውም፤ ሁለት ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ይፈልጋል።

የእኔ ግምት ይህ ነው፦ የመስመርና የትራንስፎርመር ሥራ ዛሬ ከተጀመረ ኤሌክትሪኩን በ15 እና በ20 ዓመት መለወጥ በብዙ አገር ይቻላል፤ ብረትና ሲሚንቶ ይዘገያሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን መሣሪያ የመተኪያ ጊዜ መዝግቡ። የብረት ማቅለጫ እቶን የውስጥ ጡቡ በየ15 እና 20 ዓመቱ ገደማ ይቀየራል። ዘንድሮ በአዲስ ጡብ የተለበጠ እቶን ያን ያህል ዓመት ከሰል ሊያነድ ነው። ለውሳኔው ጥናት፣ ገንዘብና የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚያስፈልግ፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ተራው ለሚደርሰው እቶን ሥራው መጀመር ያለበት አሁን ነው።