ስለ ኢንተርቫል የጠየቃችሁኝ

ኢንተርቫል ማለት ጠንከር ያለ ሥራና ዕረፍት የሚፈራረቁበት ልምምድ ነው። ጥያቄዎቹ ስለበዙ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ ታባታ እሠራለሁ፤ በዛ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አምስቴ መድገም ከቻልክ የምትሠራው ታባታ አይደለም። ታባታ ስሙን ያገኘው ከተመራማሪው ኢዙሚ ታባታ ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎቹ ብስክሌት ማሽን ላይ 20 ሰከንድ ሠርተው 10 ሰከንድ ያርፉ ነበር፤ ጫናው ግን ሰውነታቸው በኦክስጅን ሊሸፍነው ከሚችለው በላይ፣ የዚያ 170 በመቶ ገደማ ስለነበር ሰባተኛው ወይ ስምንተኛው ዙር ላይ አቅማቸው ያልቃል። አለቀ፣ ሌላ የለም። ያንተው ጥሩ የሰርኪት (የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በተከታታይ የመሥራት) ልምምድ ነው፣ ቀጥልበት፤ ውጤቱን ግን ከዚያ ጥናት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ እኔ በጣም ደክሞኝ ሰዓቴ የልብ ምቴን ዝቅ አድርጎ ያሳየኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ልብ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በ20 እና 30 ሰከንድ ዙሮች ሰዓቱን ተዪውና ሥራሽን ቁጠሪ። ሮዊንግ (የቀዘፋ ማሽን) ላይ የመጀመሪያው ዙር 130 ሜትር፣ የመጨረሻው 95 ከሆነ አነሳስሽ ፈጥኗል፣ ወይም ዕረፍቱ አንሷል። ሁሉንም ዙር 120 አካባቢ ብትይዢ ይሻላል። እኔ ጥሩ ኢንተርቫል የምለው ይህን ነው፤ መሬት ላይ መዘረር መለኪያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዕረፍቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ እንደ ዓላማው ነው። ለፍጥነት ከሆነ አትሰስቱ፤ የጡንቻ ፈጣን ጉልበት በ30 ሰከንድ ግማሽ ያህሉ ቢመለስም ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ለትንፋሽ ከሆነ 4 ደቂቃ ጠንከር ብሎ መሥራት፣ 3 ደቂቃ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ አራት ጊዜ። እዚህ ላይ የልብ ምት ሰዓት በደንብ ይጠቅማል፤ ከከፍተኛው ምታችሁ 90 በመቶ አካባቢ ድረሱ።

ጥያቄ፦ የሳምንቱን ጫና በምን ልለካ?

መልስ፦ ከጨረስክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድካምህን ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ? በደቂቃው አባዛው። 40 ደቂቃ በ7 ድካም 280 ይሆናል። የሳምንቱን ደምር፤ ድንገት እጥፍ ከሆነ ቀንስ። ከባድ ኢንተርቫል በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት።

ጥያቄ፦ ከረጅም ዕረፍት ተመልሼ ብዙ ፑልአፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሠራሁ። ክንዴ አብጧል፣ ሽንቴም ኮካ መስሏል።

መልስ፦ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ስለ ልምምዱ ከሐኪም በኋላ እናወራለን።