ገዳዩ መቼ ይታወቅ?

ጥያቄ፦ በጣና ዳር የሚካሄድ የግድያ አጭር ልብ ወለድ ጽፌአለሁ። ሟቹ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ አስከሬኑ የሚገኘው በዘጌ በኩል ነው። ያነበቡልኝ ሰዎች «ገዳዩ ገና ከጅምሩ ያስታውቃል» አሉኝ። የድሮዎቹ ታሪኮች እስከ መጨረሻ ይደብቃሉ፤ ከአሁኖቹ ብዙዎቹ ግን አስቀድመው ይናገራሉ። የቱን ልከተል? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ገዳዩ ቀድሞ መታወቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እርስዎ ሊደብቁት እየለፉ አንባቢው ከደረሰበት ነው። ስለዚህ አንባቢውን ይዞ የሚዘልቀው ጥያቄ «ማን ገደለ?» ነው ወይስ «ለምን ገደለ? ያመልጥ ይሆን?» የሚለውን ከሁሉ በፊት ይወስኑ።

የድሮው መንገድ ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ባሳተመው የፓሪስ ግድያ ታሪክ ጀምሮ፣ ኮናን ዶይል ከ1891 አንስቶ በስትራንድ መጽሔት ባወጣቸው የሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች ቅርጽ ያዘ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንጀል፣ ጥቂት ተጠርጣሪዎች፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያይ መርማሪ፣ የእኛን ያህል ብቻ የሚያውቅ ተራኪ ጓደኛ፣ ማብቂያው ላይ ማብራሪያ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ይህን በአሥር ደንቦች አሰፈረው፤ ገዳዩ ገና ከጅምሩ መጠቀስ አለበት፤ ማንም የማያውቀው መርዝ አይፈቀድም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይሸሽግም። ደንቦቹ ዛሬ ቢጠብቡም የመጨረሻው አሁንም ይሠራል። ፍንጩን ሳያሳዩ ገዳዩን ማውጣት አንባቢን ማታለል ነው።

መደበቅ ማለት ታዲያ አለማሳየት አይደለም፤ ሌላ ነገር እያሳዩ ማሳለፍ ነው። በራስዎ ታሪክ እንየው። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከባሕር የወጣ ታንኳ ከደረቀው እጅግ ይከብዳል፣ ስለዚህም ጸሐይ ላይ አቁመው ያደርቁታል። ገዳዩ «ታንኳዬ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልነካም» ብሎ ይዋሽ እንበል። በመጀመሪያው ገጽ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሁለት ሰዎች ያንኑ ታንኳ እያለከለኩ ሲያነሱ በዓሣ ዋጋ ይጣሉ። አንባቢ ጠቡን ይሰማል፣ ክብደቱን ያልፈዋል። ማለክለካቸው የአንቀጹ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይዋል፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነውና። ውሸቱ ቢያንስ ከአንድ ገጽ በኋላ ይምጣ። ሁለቱን ካጠጋጓቸው ጓደኞችዎ ያሉት ይደገማል።

ለሦስት ሺህ ቃል ታሪክ ሦስት ተጠርጣሪና ሁለት ወይም ሦስት ፍንጭ ይበቃል። እያንዳንዱ ተጠርጣሪ ከጥርጣሬው ሌላ በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኑረው። ስም ተሰጥቶት፣ መልኩ ተገልጾ፣ ምንም የማይሠራ ሰው ካለ አንባቢ ወዲያው ጣቱን ይቀስርበታል። የእርስዎም ገዳይ የተጋለጠው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የማብቂያው ማብራሪያ ከሦስት መቶ ቃል ከበለጠ ፍንጮቹ በቦታቸው አልተቀመጡም ማለት ነው፤ ማብራሪያውን ከማሳጠርዎ በፊት ወደ እነሱ ይመለሱ።

አዲሱ መንገድ ደግሞ ስሙን ያህል አዲስ አይደለም። ኦስቲን ፍሪማን በ1912 ባሳተመው መድብል ግድያውን አስቀድሞ አሳይቶ፣ መርማሪው እንዴት እንደሚደርስበት ያስከትላል። ጃፓናዊው ደራሲ አኩታጋዋ በ1922 ባወጣው ታሪክ፣ ለአንድ ሰው ሞት ሦስት ሰዎችን፣ አንደኛው ሟቹ ራሱ በጠንቋይ አፍ፣ «የገደልሁት እኔ ነኝ» አሰኝቶ ያለ ፍርድ ትቶናል። በሮአልድ ዳል የ1953 ታሪክ ነፍሰ ጡር ሚስት ፖሊስ ባሏን በረዶ በሆነ የበግ እግር ገድላ፣ ጠብሳ ለመርማሪዎቹ ታበላዋለች። ገዳይዋን እናውቃለን፤ ልባችንን የሚያንጠለጥለው ሥጋው አልቆ ማስረጃው ይጠፋ እንደሆነ ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱ መርማሪው ሊቅ መሆን የለበትም፣ ሕግም ላያሸንፍ ይችላል። የገዳዩ ምክንያት ግን በድርጊት መታየት አለበት፤ «ቂም ነበረው» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

እኔ ብሆን የታንኳውን ፍንጭ ይዤ የድሮውን እመርጥ ነበር፤ ቦታው ራሱ ፍንጭ የሚሰጥበት ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ መርማሪው የግድ ፖሊስ መሆን አለበት? በዛሬ ዘመንስ ሞባይሉን ምን ላድርገው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይደለም፤ ግን በቦታው የመገኘት ምክንያትና ሌላው የማያውቀው ሙያ ይኑረው። ስልኩን በተመለከተ «ኔትወርክ የለም» ብሎ መገላገል አያዋጣም። የሟቹ ስልክ የት እንደነበረ፣ የመጨረሻው ጥሪ ከማን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይመልሱ፤ መልሱ የተሳሳተ ሰው ላይ ጥርጣሬ ቢጥል ደግሞ ይጠቅምዎታል። ዓሣ የምትበልት ሴት ለመርማሪነት ትበቃለች። ትኩስ ዓሣ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ነው፤ ሲያድር ስንጥቡ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። «ሌሊቱን ሙሉ መረብ ስስብ አድሬ ዛሬ ንጋት ያወጣሁት ነው» የሚል ሰው ያደረ ቆሮሶ ይዞ ከመጣላት፣ ሌሊቱን ባሕር ላይ እንዳልነበረ ከፖሊሱ ቀድማ ታውቃለች።