«ዲዛይኑ የእነሱ፣ ሥራው የእኛ» እንዳትል

ወንድሜ፣ «ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር የጋራ የዲዛይን ኮርስ ልንሰጥ ነው፣ ሥራውን ለተማሪዎቹ እንዴት እናከፋፍል?» ብለሃል። እኔ ተቃጥዬበታለሁ፣ ስማኝ።

1. በአገር አታከፋፍል። እኛ «እነሱ ዲዛይን ያድርጉ፣ እኛ ሠርተን እንሞክር» ብለን ተስማማን። ርዕሱ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ ነበር። የቤት ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። የጀርመን ልጆች ሒሳባቸውን ሠሩና ሸክላውን አውጥተው ቀጭን ላሜራ አስገቡ። ሥዕሉ ሲያምር! የእኛዎቹ ካሜራቸውን ዘግተው በየሳምንቱ «ኖ ኮመንት» ይላሉ።

ሠርተን ሊጥ አፈሰስንበት። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሥሩ አረረ። (አሜሪካ በቴፍሎን ይጋገር የለ እንዴ እንዳትሉኝ፣ የእኛ ተራ ጥቁር ላሜራ ነው።) አንዷ የምግብ ሳይንስ ተማሪዬ «እኔ እኮ መጀመሪያም እንደሚያር አውቄ ነበር» አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? «ዲዛይኑ የእነሱ ነው ተባልን አይደል?» እንደዚያ ያልኳቸው እኔው ነኝ። አንድ ሴሚስተር እንዲሁ ሄደ።

2. ግዢውን ከኮርሱ ቀድመህ ጀምር። ለሁለት ሸክላና ለምጣድ ሽቦ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። ገበያ ላይ ሸክላ የምትሸጥ እናት ፕሮፎርማ ከየት ታምጣ? ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምጣድ ለመግዛት ነው ዶክተር የሆንከው?» አለኝ። ሳቁብኝ። ከኪሴ ገዛሁ፣ እስካሁን አልተመለሰልኝም።

በሁለተኛው ዓመት ግን ተማሪዎቹን አራት አራት አድርጌ ቀላቀልኳቸው። ሁለት ከእነሱ፣ ሁለት ከእኛ፤ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ምግብ ሳይንስ። ካፍቴሪያ የሚጋግሩ አንዲት እናትንም ስብሰባው ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ሥዕሉን አይተው «አክንባሎው ይተነፍሳል፣ እንፋሎቱን አይይዝም» አሉ። ተማሪዬ ተረጎመች፣ ጀርመናዊው ልጅ ጻፈ፣ ክዳኑ እንደገና ተሣለ። ሸክላው ቀረ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ገባ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ የቡድን መሪ ሆና ጨረሰች!

3. ሰዓት። በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀርመኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ያዞራሉ፤ ልዩነቱ ከአንድ ወደ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ለተማሪዎቹ ቀድመህ ንገራቸው፣ እኛ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ቀርተናል።

ምጣዱ ዛሬም ወርክሾፓችን ውስጥ አለ። ማየት ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።