ዳቦውን ከመተውዎ በፊት ይመርመሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሆዴ ይነፋል፣ በየጊዜው ያስቀምጠኛል፣ ክብደቴም ቀንሷል። አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ጃርዲያ እየተባልኩ መድኃኒት ብወስድም ለጊዜው እንጂ አልተሻለኝም፤ የደም ማነሴም የብረት እንክብል እየዋጥኩ ሊስተካከል አልቻለም። ስዊድን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ዓመት ሲሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ተነገራት፤ «አንቺም ስንዴ ተዪ» ስላለችኝ ዳቦና ፓስታ ከተውኩ አራት ወር ሆነኝ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኛል። አሁን የሚያዩኝ ሐኪም ግን የደም ምርመራ ከማዘዛቸው በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ስንዴ መልሼ መብላት ሊኖርብኝ እንደሚችል ነገሩኝ። የተሻለውን ሰው መልሶ ማሳመም ምን ይባላል? እኔ እንደሆንኩ እንጀራ በይ ነኝ፤ ያለ ምርመራ እንዲሁ ብቀጥልስ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ቀለል ያለዎት መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱ የተጋጩ የመሰሉዎት ምርመራው በደምዎ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ስላልተብራራልዎት ይመስለኛል።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውም በእርሱ ምክንያት ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ይነሣና ግሉተኑን ብቻ ሳይሆን የራሱን ቀጭን አንጀት ጭምር ያጠቃል። ቀጭኑ አንጀት ከውስጥ በኩል እንደ ፎጣ ገጽ በጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነርሱ በኩል ነው። ጥቃቱ ሲደጋገም እነዚህ ጣቶች እየተላጩ ያልቃሉ። ብረት በብዛት የሚመጠጠው በዚያው አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ እንክብሉን እየዋጡ ደምዎ አልሞላ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የደም ምርመራው የሚፈልገው መከላከያው በግሉተን ሰበብ የሠራቸውን አንቲቦዲዎች ነው። ከእነዚህ ዋነኛው የቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ አይጂኤ ይባላል። ግሉተን ሲቋረጥ አንቲቦዲው በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል፤ ስለዚህ ከአራት ወር በኋላ ተመርምረው «የለብዎትም» ቢባሉ ውጤቱ የሚነግርዎት ነገር የለም። እሳቱን አጥፍቶ ጭሱን እንደመፈለግ ነው። የተለመደው ምክር ከምርመራው በፊት ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንታት ያህል በየቀኑ አንድ ሁለት ቁራሽ የስንዴ ዳቦ መብላት ሲሆን፣ ሕመሙ የሚበረታበት ሰው ጊዜው እንዲያጥርለት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን ይህን ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መልሶ ማሳመም ላሉት፣ ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነበር። ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ ቀድሞውንም ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት አገራቸው ተርባ ዳቦ ሲጠፋ የሲሊያክ ሕሙማን ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙ በ1950 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የጥናት ጽሑፍ የስንዴና የራይን ነገር ለዓለም አስረዱ። እርስዎም የሚጠየቁት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሐኪም እየተከታተለዎት መሆኑ ነው።

ደም ሲሰጡ ጠቅላላ የአይጂኤ መጠንም አብሮ እንዲለካ ይጠይቁ። አይጂኤ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ በሲሊያክ ሕሙማን ዘንድ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛሉ። የመጀመሪያው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ ዓይነት ስለሆነ፣ እነዚህን ሰዎች በሽታው እያለባቸው ነፃ ያወጣቸዋል። ምርመራው በሚታዩበት ተቋም የማይሠራ ከሆነ ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ እንደሆነና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ከወዲሁ ይጠይቁ፤ ዳቦ የሚበሉባቸውን ሳምንታት የሚያሰሉት በዚያ ነው። ስንዴ መብላት የማያስፈልገው አንድ ምርመራ አለ፤ ይኸውም የዘር ምርመራ ነው። ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉት ዘረ መሎች ሁለቱም ከሌሉብዎት ሲሊያክ የለብዎትም ለማለት ይቻላል፤ ቢኖሩብዎት ግን በሽታው ሳይዛቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚሸከሟቸው ብዙ ጤነኞች ስላሉ በዚያ ብቻ መደምደም አይቻልም።

የደም ውጤቱ ካመለከተ፣ በአዋቂዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ኢንዶስኮፒ ይከተላል። በጉሮሮ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ከአንጀቱ መጀመሪያ ጥቃቅን ናሙናዎች ይወሰዳሉ። ጉዳቱ በአንዱ ቦታ ኖሮ በሌላው ላይኖር ስለሚችል አራትና ከዚያ በላይ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው፤ በዚህ ጊዜም ገና ግሉተን እየበሉ መሆን አለብዎት። የደም ውጤቱን ሰምተው በደስታ ወይም በድንጋጤ ዳቦውን ወዲያው የሚያቆሙ ሰዎች ሁለተኛውን ምርመራ ያበላሹታል።

«እንዲሁ ብቀጥልስ?» ላሉት፣ አልመክርዎትም። አንደኛ፣ እርስዎ የዘረዘሯቸው ምልክቶች በእኛ አካባቢ ብዙ ባለቤት አላቸው። ጃርዲያ ራሱ ሲቆይ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል፤ የአንጀት ቲቢም ክብደት ይቀንሳል፤ የወተት ስኳር የማይስማማው ሰውም ይነፋል። ዳቦ በመተውዎ ስለተሻለዎት ብቻ ሌላው ሳይታይ ቢያልፍ ያሳዝናል። (እግረ መንገዴን፣ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪምዎ አይደብቁ፤ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ክብደትን የሚመለከተውን ስሌት ያዛባል። ሻይም ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይመጠጥ ይከለክላል።) ሁለተኛ፣ ሲሊያክ ከሆነ አመጋገቡ የዕድሜ ልክ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ያፈርሰዋል። ሦስተኛ፣ ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሕሙማን ወላጆች፣ እህት ወንድሞችና ልጆች ከአሥር አንዱ ያህል በሽታው ሊገኝባቸው ስለሚችል፣ የእህትዎ ውጤት ብቻውን እርስዎን ለማስመርመር በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ዳጉሳም የላቸውም። በዚህ ረገድ ከስዊድኗ እህትዎ ይልቅ እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፤ እርሷ ከልዩ መደብር የምትገዛው እህል እዚህ ቀፊራ በጆንያ ይሸጣል። ነገር ግን በከተማችን «እንጀራ» ማለት ሁልጊዜ ጤፍ ማለት እንዳልሆነ ያውቁታል። ጤፍ ሲወደድ ማሽላና ሩዝ ይቀላቀልበታል፣ ይህ አይጎዳዎትም፤ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የሚቀላቀልበት ጊዜ ግን አለ፣ ከጋጋሪ የሚገዛ ሰውም ይህን በዓይኑ አይቶ መለየት አይችልም። ከጎረቤት የሚመጣው ላሆህም (የሶማሌ እንጀራ) የፉርኖ ዱቄት ሊኖረው ይችላል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቅንጬ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ ከቡና ጋር የሚቀርበው የገብስ ቆሎ፣ ሁሉም ግሉተን አለባቸው። ስለዚህ ባለፉት አራት ወራት ዳቦና ፓስታ ተዉ እንጂ ግሉተን ትተው ላይሆን ይችላል! ለሐኪምዎ «ስንዴ ትቻለሁ» ከማለት ይልቅ በሳምንት ውስጥ የበሉትን እንጀራ፣ ቆሎና መጠጥ አንድ በአንድ ይዘርዝሩላቸው፤ ምናልባት የሚጠብቁት ሳምንት ያጥር ይሆናል።

በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ ትልቁ ጣጣ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ከፊትዎ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ በወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከጤፍዎ ጋር ይወጣል። ማልደው ቀድመው ቢደርሱ፣ ካልሆነም ጥቂት ኪሎ ማሽላ አስቀድመው አስፈጭተው ያንን ለሌላ ሰው ቢሰጡት ይቀንሳል፤ ፈጽሞ የሚጠፋው ግን የስንዴና የገብስ ፈጪ ከማይገባበት ወፍጮ ሲያስፈጩ ነው። ጤፉንም ሲያበጥሩና ሲነፉ የገብስና የስንዴ ፍሬ ካለ ለቅመው ያውጡ። እርሾውን ከሌላ ቤት አይዋሱ፤ ከራስዎ ንጹሕ ሊጥ ይያዙ። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ሲገዙም ዱቄት የተጨመረበት እንዳይሆን ይጠይቁ፤ ቢቻል በቤትዎ ያሰናዱ።

«አጃ» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። በገበያችን በአንድ ስም ሁለት እህል ይጠራበታል፤ አንዱ የስንዴ ዘመድ የሆነው የጥንቱ አጃ ሲሆን ግሉተን አለው፣ ሌላው ከውጭ በካርቶን የሚመጣው የገንፎ አጃ ነው። ሁለተኛው በራሱ ለአብዛኞቹ ሕሙማን የሚስማማ ቢሆንም በማሳና በፋብሪካ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ፣ ማሸጊያው ላይ «ከግሉተን ነፃ» ካልተባለ አይውሰዱት። ይህ ጽሑፍ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን አለ ማለት ነው።

ኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎች ስለ ቅዱስ ቁርባን ይጠይቁናል። ኅብስቱ የስንዴ በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን የሚሰጡት የንስሐ አባትዎ እንጂ እኔ አይደለሁም። ምርመራዎን ይዘው ቀርበው ሕመሙን በግልጽ ያስረዷቸው።

አንጀቱ ለመዳን ጊዜ ይወስዳል። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ሊቀል ቢችልም በአዋቂ ሰው የአንጀቱ መጠገን ሁለት ዓመትም ይፈጃል፤ በዚህ መካከል አንቲቦዲው በስድስተኛው ወርና በዓመቱ እንደገና ይለካል፣ ብረት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲም ይታያሉ።

ጥያቄ፦ የሐረር ነዋሪ ነኝ። ሲሊያክ እንዳለብኝ በናሙና ከተረጋገጠ ሁለት ወር ሆነኝ። ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳና ሾርባ የሌለበት ማፍጠሪያ እንዴት ይሆናል? የቤት ሰዎች «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ይሉኛል።

መልስ፦ ለቤት ሰዎችዎ ቁጥሩን ይንገሯቸው። በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል፤ ይህም አንድ ቁራሽ ዳቦ ለአርባ ሲከፈል የሚደርሰውን ያህል ነው። ቅምሻ ከዚያ ይበልጣል። ሕመም ሳይሰማዎት ጉዳቱ ሊቀጥል ስለሚችልም ሆድዎን ዳኛ አያድርጉት።

ማፍጠሪያው ግን ያን ያህል አይጎድልም። ቴምሩ እንዳለ ነው፤ ሾርባው በስንዴ ቅንጬ ወይም በአጃ ፋንታ በሩዝ ወይም በተከካ ማሽላ ይሠራ፤ ፉሉ ራሱ አይጎዳዎትም፣ የሚጎዳው አብሮት የሚቀርበው ዳቦ ስለሆነ በንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይብሉት። ለሱሁር ሩዝ በሥጋ፣ ከዚያም የባቢሌ ኦቾሎኒ ይበቃል። ሳምቡሳውን ባጂያ ይተካዋል፤ ከባቄላ ዘር ብቻ የተዘጋጀና ዱቄት ያልተጨመረበት መሆኑን ያረጋግጡ። ከመንገድ ዳር ግን አይግዙ፤ ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠበሱት በአንድ ዘይት ነው። በቤትም ቢሆን ባለቤትዎ ወይም እናትዎ የእርስዎን ባጂያ በአዲስ ዘይት አስቀድመው ጠብሰው ያውጡና፣ ሳምቡሳው ከዚያ በኋላ ይግባ።